የወለላ አሥራ ሁለት አንጓ

ቀኝ እጇ ሰፌዱ ላይ ነበር። ከአዲሱ ማሽላ ውስጥ ጠጠሩን፣ ገለባውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ እየለየች ወደ ጎን ትገፋለች። ግራ እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ልብ ብሎ ላየው ግን አልፈታም። አውራ ጣቷ ከሌባ ጣቷ ሥር ተነሥቶ አንጓ አንጓውን እየረገጠ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ ወደ መኻል ጣት ይሻገራል። መኻል ጣቷ ሲያልቅ ትንሽ ያርፍና ወደ ቀለበት ጣቷ፣ ከዚያ ወደ ትንሿ ጣቷ ይሄዳል። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም።

አጥሩን ተደግፌ ዝም ብዬ አየኋት። ወለላ ስትቆጥር አትጠራም።

ወለላን ካወቅኋት አርባ ዓመት ሊሞላ ነው። እዚህ ቆቦ አንድ አጥር ነው የሚለየን። ዕድሜዋ ሰባ ሁለት ነው ትላለች፤ ከእኔ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ትበልጣለች። በሰፈራችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የእድሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ ቀጥሎ አንድ ሰው ወደ ወለላ ቤት ይላካል። ሙሾ አውራጅ ናት። ቄሶቹ ሙሾ እንደማይወዱ ስለምታውቅ አታበዛም፤ አምስት ስድስት ስንኝ ጥላ ትቀመጣለች። ያም ቢሆን፣ በዚያ በክፉው ጊዜ ሰው በችኮላ፣ ሳይለቀስለት ሲቀበር ያየ የቆቦ ሰው ሙሾን እንደ ትርፍ ነገር አይቆጥረውም።

ሙያውን ያስተማረቻት ጎብዬ አጠገብ ትኖር የነበረች አባይ የምትባል አክስቷ ናት። አባይ ማንበብ አትችልም ነበር። ስድስት የማሽላ ፍሬ በአንድ ረድፍ፣ ስድስት በሌላ ረድፍ ትደረድርና ግጥሙን ቀስ ብላ እያለች በየድምፁ አንድ አንድ ፍሬ ትገፋለች። ፍሬው ሳያልቅ ቃሉ ካለቀ ግጥሙ ያነክሳል። ፍሬው አልቆ ቃሉ ከተረፈ ግጥሙ ይጎተታል። የምትቆጥረው ከእናቷ በወረሰችው ኦሮምኛ ነበር፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለች ሄዳ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ «ጃሃ!» ትልና ትንፋሿን ትሰበስባለች። ወለላ ኦሮምኛ አትናገርም። «ጃሃ» የምትለው ቃል ግን ቀርታላታለች። ለእሷ ጃሃ ማለት የስንኙ እኩሌታ፣ የትንፋሹ ማረፊያ ማለት ነው።

ፍሬውን ትታ በጣቷ መቁጠር የጀመረችው ካገባች በኋላ ነው። በአራቱ ጣቶች ላይ ሦስት ሦስት አንጓ አለ፤ ሲደመር አሥራ ሁለት ነው። አውራ ጣት መንገደኛው ነው። ሁለት ጣት ሲያልቅ ጃሃ፣ አራቱም ሲያልቁ ስንኙ ሞላ። «አንድ እጅ አንድ ስንኝ ነው፤ እግዜር ሲሠራን ለግጥም ነው የሠራን» ትል ነበር በደጉ ጊዜ።

እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። መምህራችን እሷ በጣት የምትረግጠውን «ቀለም» ይሉት ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ደጀን» ብለው ጻፉና ስንት ቀለም እንደሆነ ጠየቁኝ። ፊደሉን ቆጥሬ ሦስት አልሁ፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። «ሁለት ነው፤ ደ፣ ጀን። የመጨረሻው ፊደል ብቻውን መቆም አይችልም፤ ከፊቱ ያለው ላይ ይደገፋል» አሉኝ። ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ ያንኑ ወለላን ጠየቅኋት። አውራ ጣቷን ሁለት ጊዜ አራምዳ «ሁለት» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አፌ ሁለት ጊዜ ተከፈተ።»

ለሠርግ ሌላ ቁጥር አላት፤ «ለሠርግ ጣቴ ይዘላል» ትላለች። ለልቅሶ ግን ስድስት ስድስት ነው። ከዚያ ፈቀቅ አትልም።

ሰው ሲሞት የሟች ቤተሰብ ከቀብሩ በፊት ለወለላ ስም ያስይዛል። ማን ሞተ፣ ልጆቹ እነማን ናቸው፣ የሚሉትን ነው። በሙሾ ስሙ የተጠራ ልጅ በሰው ሁሉ ፊት ልጅ ነው። ስሙን ሰምቶ ደረቱን ይመታል፤ ሰውም አይቶ ያለቅስለታል። ስለዚህ ስም የሚያስይዘው ሰው አንድም እንዳይረሳ ደጋግሞ ነው የሚናገረው።

የሺ የሁለታችንም ጎረቤት ነበረች። አራጌ፣ እሸቴና ደጀን የሚባሉ ሦስት ወንዶች ወልዳለች። ደጀን ገና ጡት ላይ እያለ አሲያ የምትባል ጎረቤቷ ሞተችባት። የአሲያ ልጅ ራዊያ ያኔ የአምስት ወር ሕፃን ነበረች። የሺ አንዱን ጡቷን ለደጀን፣ አንዱን ለራዊያ ሰጠች። የሕፃኗ አጎት ሊወስዳት ቢመጣ «እየጠባች አትወሰድም» ብላ መለሰችው፤ ጡት ከጣለች በኋላም አልወሰዳትም። ሃይማኖቷን ግን የሺ አልነካችባትም። በረመዳን ሌሊት ለሱሑር ምግብ የምትቀሰቅሳት እሷ ነበረች። ሥጋው አንድ ላይ አይሆንምና ለራዊያ ለብቻዋ አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ድስት ገዛችላት። ድስቷ ለብቻዋ ትታጠባለች፣ ለብቻዋ ትሰቀላለች። ደጀን ተደብቆ ሲጨልፍባት የሺ በማማሰያ ስታባርረው ስንቴ አይቻለሁ!

ራዊያ አድጋ ሮቢት ከተማ የሚኖር ሙህሲን የሚባል ሰው አገባች። የሺ በታመመች ጊዜ ግን አራት ወር ሙሉ ቆቦ ተመልሳ ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት፣ ያጎረሰቻት እሷ ናት። ወንዶቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እንደሷ ግን አልቻሉበትም።

የሺ ያረፈችው አምና በኅዳር ነው። በጠዋት ደጀን ዓይኑ ቀልቶ መጣና ወለላ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«አራት ነን» አላት። «አራጌ፣ እሸቴ፣ እኔና ራዊያ። አራት።»

ወለላ በአራት ጣቷ ያዘቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ወደ ድንኳኑ ስንሄድ አውራ ጣቷ ይራመድ ጀመር። «አራጌ እሸቴ» ሲባል ልክ ስድስት ነው፤ ጃሃ። ፊቷ ሲበራ አየሁት፤ የተሳካላት ጊዜ እንዲያ ትሆናለች። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፤ ቆመችና አወረደች፦

አራጌ እሸቴ ፥ ደጀን የሷ ጥላ፤
ሦስት ምሰሶ ተክላ ፥ ሄደች ሁሉን አድላ።

ሴቶቹ ተቀበልን። እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ነው የምንቀበለው። ራዊያ ከደጀን ጎን ቆማ ደረቷን ትመታ ነበር። በመጀመሪያው እጇ ቀዘቀዘ። በሁለተኛው ቆመ። በሦስተኛው ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ራሷን ሸፈነችና ከድንኳኑ ወጣች። ቀብሩን ከሩቅ ቆማ አየች። እህል ሳትቀምስ በዚያው ቀን ወደ ሮቢት ሄደች።

ቀብር መልስ ሰው ሲቀንስ ወለላ ከድንኳኑ ስትወጣ እግሯ ገመዱ የታሠረበትን ካስማ መታው። ጎንበስ ብላ አሸችው፤ እንደጎነበሰችም ቀረች። ግራ እጇን አየሁ። አ፣ ራት፣ ካስ፣ ማ፣ ተክ፣ ላ። ጃሃ። ከዚያ አውራ ጣቷ ከሥር ጀምሮ እንደገና ተነሣ። ቀና ስትል በጆሮዬ አለችልኝ፦

ራዊያ አራጌ ፥ እሸቴ ደጀኔ፤
አራት ካስማ ተክላ ፥ ሄደች የሺ ዓይኔ።

አራቱም ልጆች ገቡ። አንድም ቀለም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ።

«አሁን ምን ያደርጋል?» አለች። «አንድ ቃል ነበር። ምሰሶን ብለቀው ሁሉም ይገቡ ነበር።»

ሰፈሩ የየራሱን አወራ። «የሃይማኖት ነገር ነው፤ ወለላ እስላሟን ልጅ መጥራት አልፈለገችም» ተባለ። በማግስቱ በአጥሩ በኩል ነገርኋት።

«ይበሉ» አለች። «እንደሱ ቢሆን ይሻል ነበር።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«አማረኝ፣ እታለም።» ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «ሦስት ምሰሶ የሚለው አፌ ውስጥ ሲገባ አማረኝ። አራት ምሰሶ ስል አንድ ይተርፋል። አንድ እርምጃ እንዳይተርፈኝ ብዬ አንድ ሰው አስቀረሁ። ረስቻት አይደለም። ከደጀን ጎን ቆማ እያየኋት ነው።»

እኔስ? ራዊያን በሕፃንነቷ አዝያታለሁ። ጥርስ ስታወጣ ጣቴን ነክሳኛለች። ሦስት እንዳልሆኑ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አፌ ግን ከሴቶቹ ጋር «ሦስት ምሰሶ» አለ፤ አንዴም አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ስንኙ ሲያምር አፍ ዝም ብሎ ይከተላል። ለወለላ ይህን ነገርኋት፤ «አንቺማ ተቀባይ ነሽ» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። አላጽናናኝም።

ራዊያ ለአርባው አልመጣችም። ወለላም ከዚያ ወዲህ ሙሾ አላወረደችም። ሰው ሲልኩባት «እጄን ያመኛል» ትላለች። ሰዎቹ ሙሾ በእጅ ነው እንዴ የሚወርደው እያሉ ይገረማሉ።

እንግዲህ ማሽላ ስትለቅም ያየኋት ሰሞኑን፣ የየሺ ሙት ዓመት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ደጀን ባጃጁን ደጅ አቁሞ ገባ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«እትዬ ወለላ፣ ዛሬም ቆጠራ ነው?»

«ማሽላ ነው የምለቅመው።»

«ማሽላው በቀኝ ነው። ግራው ምን ይለቅማል?»

ወለላ ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ደጀን ሳቅ አለና ፌስታሉን ፈታው። የራዊያ ድስት ናት። አንዱ ጆሮዋ ተጣሟል፤ ታጥባ አብረቅርቃለች።

«ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ነው» አለ። «ደውዬላት ነበር። መንገዱ አይመቸኝም አለችኝ። ወለል ያለ አስፋልት! አንቱ ራስዎ ሄደው ይጥሯት። ይቺንም ይስጡልኝ፤ እማዬ ለሷ ናት ብላ ነው የሞተችው።»

«እኔን ስታይ ትናደዳለች።»

«ትናደዳ! ተናድዳ ትምጣ። እትዬ፣ ሙት ዓመቱን ከቀረች ከዚህ ወዲያ በምን ትመጣለች? ጡት የተጋራኋትን እህቴን በስልክ ብቻ እያገኘሁ ልኑር?» ድስቷን ከሰፌዱ ጎን አስቀመጠ። «ሦስት ያሉት አንቱ ነዎት። አራት የሚሉትም አንቱ ነዎት፤ ሌላ ሰው ቢለው አይሆንም።»

«እሄዳለሁ» አለች ወለላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አብረሽኝ ሂጂ» አለች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሚኒባስ ተሳፈርን። ዞብል በምሥራቅ በኩል በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ማሽላ ተከምሯል። ወለላ ድስቷን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋታለች። ከጎናችን ሁለት ዶሮ የያዘች ወፍራም ሴት ተቀምጣ ነበር።

«እናት፣ ምንድን ነው እንዲህ ያቀፉት?» አለች።

«ድስት ነው።»

«ምን አለበት?»

«ምንም።»

«ባዶ ድስት ይዞ እንግድነት! የኔ እናት፣ ትንሽ በርበሬ እንኳ ጣል አይደረግበትም?»

ሰው ሳቀ፤ እኛም ፈገግ አልን። የወለላ ፈገግታ ግን ቶሎ ጠፋ። ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አላሰብነውም። ማሽላው እኮ እቤቷ ሰፌድ ሙሉ ነበር።

ትንሽ እንደሄድን አዲሱን ስንኝ ቀስ ብላ ማለት ጀመረች። «ራዊያ አራጌ፣ እሸቴ ደጀኔ…» ባለ ዶሮዋ ጆሮዋን አቀናች።

«እሰይ! ግጥም አዋቂ ኖት እንዴ? እስቲ ይድገሙልኝ!»

ወለላ ደገመችላት። ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች «ሲያምር! እኔን ይቅበረኝ፣ ሲያምር!» አለች። የወለላ ፊት በራ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ከዚያ እያየኋት ጠፋ። ወደ እኔ ጠጋ አለችና «ደስ አለኝ» አለች በሹክሹክታ። «አየሽ? ደስ አለኝ። ዓመት ሙሉ ይህንን ስንኝ ነው የማሳምረው። ለዚያች ልጅ ግጥም ይዤላት ነው የምሄደው። ይቅርታ አልያዝሁም።»

«አሁን ያዢ» አልኋት።

ግራ እጇ ከድስቷ ሥር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ሮቢት ልንደርስ ስንል «ይቅር በይኝ ልጄ» አለች። አውራ ጣቷ መኻል ጣቷ ጫፍ ላይ ቆሟል። «ጃሃ።»

«በቃ፣ መጣልሽ!»

«እኩሌታው ነው።»

ሮቢት ወረድን። የራዊያን ቦታ ደጀን ነግሮን ነበር፤ ከአስፋልቱ ዳር በማዳበሪያ ጆንያ ጥላ ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። የወረድነው ከፊት ለፊቷ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። አንድ አይሱዙ ቆሞ ስለነበር በሱ ተከለልን።

የቀትሩን የዙሁር ሶላቷን ጨርሳ ኖሯል። ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ቀኝ እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፤ አውራ ጣቷ አንጓ አንጓውን እየረገጠ ይሄዳል። ዚክር እያደረገች፣ የአላህን ስም እየቆጠረች ነበር። ከንፈሯ እምብዛም አይንቀሳቀስም።

ወለላ ክንዴን ያዘች። «ትጨርስ» አለች።

ጨረሰች። ምንጣፏን አጠፈች፣ ተነሥታ ቲማቲሞቹን ውኃ ረጨቻቸው። አንዲት ሴት ሽንኩርት ገዝታ ሄደች። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ሂጂ» አልኋት።

«እኩሌታው ብቻ ነው ያለኝ።»

«እኩሌታውን በያት! እሷ ትቆጥራለች እንዴ?»

«ትቆጥራለች» አለች ወለላ። «አራት ወር የሺን አስታማ አንድም ቀን አጉድላባት አታውቅም። እኔ ደግሞ አሁንም በጎደሎ?» አውራ ጣቷ የቀለበት ጣቷ ሥር ላይ ቆሟል። ወደ ላይ ይላል፣ ይመለሳል። ይላል፣ ይመለሳል። ለሁለቱ ጣት የሚሆን ቃል አጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሁሉ ልቅሶ ቃል ስታወጣ የኖረች ሴት ለራሷ ስድስት ቀለም ጠፋባት።

ራዊያ በዚህ መኻል ቀና አለች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ እኛ አቅጣጫ አየች። አይሱዙው ከልሎን ይሁን፣ አይታን ይሁን፣ አላውቅም። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ድስቷን ከወለላ ተቀብዬ መንገዱን መሻገር እችል ነበር። ስሟን መጥራት እችል ነበር፤ በሕፃንነቷ የምንጠራትን ስም አልረሳሁትም። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ወደ ቆቦ የሚመለስ ሚኒባስ ጡሩንባውን ነፋ። ወለላ ቀድማኝ ተሳፈረች።

ይህን የምጽፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ደጀን ከምሳ በፊት በባጃጁ አልፎ ነበር፤ ከውጭ ሆኖ «እትዬ፣ ምን አለችዎ?» ብሎ ተጣራ። ወለላ ከውስጥ «ነገ በጠዋት እሄዳለሁ» አለች። ነገ ሙት ዓመቱ ነው። ደጀን ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ።

አሁን በአጥሩ በኩል ትታየኛለች። ማሽላውን ለቅማ ጨርሳለች። ድስቷ ከነፌስታሏ የማሽላው ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ ባዶዋን ናት።